የአንገት ክታብ ወይስ ቁመት ሙሉ ብራና?

ሁለቱም ክታብ ይባላሉ፤ አያያዛቸው ግን ለየቅል ነው።

የአንገቱ፣ ጽሑፉ ታጥፎ በቆዳ ተለብጦ የሚሰፋው ነው። አንዴ ከተሰፋ አይነበብም። ቀላል ስለሆነ ከልብስ ሥር ይደበቃል። ጠላቱ ላብ ነው፦ ቆዳው ሲርስና ሲደርቅ ስፌቱ ይላላል፣ ውስጡ ያለው ቀለም ይለቃል። ስለዚህ ገላ ሲታጠቡ ማውለቅ ነው። ሕፃን አንገት ላይ ግን ባይታሰር ይሻላል፤ ሲተኛ ክሩ ሊያንቀው ይችላል።

ጥቅሉ ብራና ሌላ ዓለም ነው። በልማዱ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። የፍየል ወይም የበግ ብራና ቁራጮች፣ ብዙ ጊዜ ሦስት፣ ጫፍ ለጫፍ ይሰፋሉ። የጸሎቱ መነሻ በቀይ ቀለም፣ ቀሪው በጥቁር ይጻፋል፤ በየመሃሉ ጠልሰም (ክፉ መንፈስን ያርቃል የሚባል ሥዕል)፣ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች። ለሾተላይ ከሆነ የቅዱስ ሱስንዮስና እሱ የገደላት የሕፃናት ገዳይ የውርዝልያ ታሪክ አይቀርም። ባለቤት ሲለወጥ የቀድሞው የክርስትና ስም ተፍቆ የአዲሱ ይገባል፤ ፍቀቱን ወደ ብርሃን ሲይዙት ብራናው ሳስቶ ይታያል። ጥቅሉ እርጥበት ካገኘው ይሸበሸባል፣ በኃይል ሲዘረጉትም ስፌቱ ላይ ይቀደዳል።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሁለቱንም ቢነቅፉም ለባሹ አልጠፋም። ለመልበስ የአንገቱ ይመቻል። ለማየት ግን ጥቅሉን የሚያህል የለም፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጥሩ መነሻ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ የሚገዛ ሰው ጥንታዊ የሆነውን ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር ማውጣት እንደማይችል ይወቅ።