ሬገን ወይስ ሽዋዘኒገር? ሁለቱ የካሊፎርኒያ ተዋናይ ገዥዎች

ሁለቱም ከፊልም መጡ፣ ሁለቱም ሪፐብሊካን ናቸው። መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

ሮናልድ ሬገን (እ.ኤ.አ. 1967–1975) ፖለቲካውን ቀድሞ የለመደው የተዋንያን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ነው። እስከ 1962 ድረስ ደግሞ ዴሞክራት ነበር! ወግ አጥባቂዎች እንደ አርአያ ቢያዩትም፣ ሥልጣን በያዘ በመጀመሪያው ዓመት ትልቅ የግብር ጭማሪ ፈርሟል።

አርኖልድ ሽዋዘኒገር በአቋራጭ ገባ። ኦስትሪያ ተወልዶ በ1968 አሜሪካ የገባ የሰውነት ግንባታ ሻምፒዮን ነው። በ2003 ሕዝቡ የወቅቱን ገዥ ግሬይ ዴቪስን በድምፁ ሲያወርድ፣ በዚያው ቀን እሱን መረጠ። በ2006 የፈረመው የአየር ንብረት ሕግ ለእኔ ከሬገን የገዥነት ሥራዎች ሁሉ ይበልጣል።

ሬገን ከዚያ ዋይት ሀውስ ገባ። አርኖልድ ግን ትውልዱ ውጭ አገር ስለሆነ ሕገ መንግሥቱ በሩን ዘግቶበታል።