«የማያዳልጥ» ያለኝ ቀለም ሰው ጣለብኝ

ባሕር ዳርና ዘጌ ጀልባ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቀለም ቀቢ ጣና ዳር ድረስ መጣልኝ። «ወለሉን የማያዳልጥ ቀለም እቀባልሃለሁ፤ አምስት ዓመት ንቅንቅ አይልም» አለኝ። በ22 ሺህ ብር ተስማማን። ሙሉውን ቀድሜ ሰጠሁት። ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ጀመረ፣ ከምሳ በፊት ጨርሶ ሄደ። «ነገ ሰው መጫን ትችላለህ» ብሎኛል።

መስቀል ሳይደርስ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። ያልተነሳው ደግሞ ውሃ ሲነካው ከበፊቱ ይብሳል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሊሳለሙ የመጡ አንዲት እናት ሲሳፈሩ አዳልጧቸው በክንዳቸው ወደቁ። አጥንታቸው ተርፏል፣ ተመስገን። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥሎት የሄደውን ቆርቆሮ ኋላ አየሁት። የበርና የመስኮት ዘይት ቀለም ነው። አሸዋ ጨምሮበታል፣ በቃ። አሸዋው ደግሞ ካልተማሰለ ከታች ይዘቅጣል። ለዚህ ነው የጀልባዋ ፊት ልሙጥ፣ ኋላዋ ኮረት የሆነው።

ለጀልባ ወለል የሚሆነው ኢፖክሲ የሚባለው ጠንካራ ቀለም ነው፤ ደህናው በሁለት ዕቃ ይመጣል። አንዱ ቀለሙ ነው፣ ሌላው ሃርድነሩ፣ ማጠንከሪያው። በልኩ ካልተቀላቀለ በደንብ አይጠነክርም። በአንድ ቆርቆሮ የሚመጣም አለ፤ ሰው ቀን ከቀን ለሚረግጠው ወለል ግን እንደ ባለ ሁለት ዕቃው አይቆይም። ኢፖክሲን ፀሐይ ስለሚጎዳው ከላዩ ፖሊዩሪቴን የሚባል ፀሐይ የሚችል ቀለም ይደረብለታል።

ከቀለሙ በላይ ግን ዝግጅቱን እዩ። የብረት ወለል ዝገቱ ይፋቃል፣ የናፍጣና የሞተር ዘይቱ ይታጠባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ከዚያ በደንብ ይደርቃል። ፕራይመር፣ ማለትም ከሥር የሚቀባው ቀለም፣ ይቀድማል። አሸዋው ቀለሙ እርጥብ ሳለ እኩል ይበተናል፣ ሲደርቅ ያልያዘው ይጠረጋል፣ ሌላ ቀለም ይደረብበታል። ይህ በግማሽ ቀን አያልቅም። ካለቀም በኋላ ለቀናት ዕቃ መጫን የለበትም። ክረምት ላይ የሚያስቀባ ሰው፣ እንደኔ፣ ገንዘቡን ጣና ውስጥ ጣለ ማለት ነው።

አሁን ጀልባዋ ዳር ወጥታ ቆማለች። ቀለሙን በብረት ብሩሽ እየፋቅሁ ነው። ሰውየው ስልክ አያነሳም፤ ወደ ዘጌ በኩል ሥራ ሲጠይቅ ታይቷል አሉ። ከመጣባችሁ ሃርድነሩን አሳየን በሉት። ቀብድ ብቻ ስጡ። ቀሪውን ወለሉ ላይ ውሃ ደፍታችሁ፣ በባዶ እግራችሁ ከረገጣችሁት በኋላ ትከፍላላችሁ።