እናቴን ፍጥሞ ላደረሰችልን የከዚራዋ የጉዞ ወኪል ሠራተኛ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለምስጋና ነው። የ74 ዓመት እናቴ የፍጥሞን ደሴት በዓይኗ አይታ፣ በሰላም ወደ ድሬዳዋ ተመልሳ፣ ዛሬ ሳቢያን በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ ቡናዋን እየጠጣች ነው። ለዚህ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የማመሰግናት ከዚራ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ የምትሠራ ወጣት ናት። ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች ቃሌን አከብራለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ግን በውስጥ መስመር አድራሻዋን በደስታ እሰጣለሁ።

የእናቴ ምኞት የቆየ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ከድሬዳዋ ጅቡቲ እየተመላለሰ ወደብ ላይ የሚያያቸውን ትልልቅ መርከቦች ማታ ማታ ያጫውተን ነበር፤ እናቴ ግን ጅቡቲ ድረስ እንኳ ሄዳ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። የዮሐንስን ራእይ ባነበበች ቁጥር «ፍጥሞ ምን ዓይነት አገር ይሆን?» ትላለች። ካናዳ የምትኖረው እህቴ ይህን ስለምታውቅ፣ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ በአራት ሌሊት የኤጂያንን ደሴቶች የሚያዞር፣ በመንገዱም ቱርክ ውስጥ ኤፌሶንን፣ ግሪክ ውስጥ ፍጥሞን የሚያስጎበኝ የመርከብ ጉዞ አገኘችና ወጪውን እኔ እችላለሁ፣ እኔም አቴንስ ላይ እቀበላችኋለሁ አለች።

የመጀመሪያው ሙከራችን በ2015 ዓ.ም. ነበር፤ ስለእርሱ ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል። የሄድንበት ቢሮ ማንም ይሁን ማን አልጠራውም። የተቀበለን ሰው ለጠየቅነው ሁሉ መልሱ «ችግር የለም» ነበር። የእናቴን ፓስፖርት ገልብጦ እንኳ አላየም፤ የሼንገን ቪዛ፣ ማለትም ግሪክን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮችን በያዘው የሼንገን ክልል የሚያስገባውን የጋራ ቪዛ፣ ለማግኘት ፓስፖርቱ ከዚያ ክልል ከምንወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን እንዳለበት የሰማነው ዘግይተን፣ ለማደስ ስንሯሯጥ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ቪዛው ራሱ ነበር። መርከቡ ከግሪክ ተነስቶ ቱርክ ሲገባ ከሼንገን ክልል ወጣ ማለት ነው፤ ከቱርክ ወደ ፍጥሞ ሲሻገር እንደገና ይገባል። ስለዚህ ተሳፋሪው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልገዋል። ያ ሰው ግን ቅጹ ላይ አንድ ጊዜ መግቢያ ብሎ ሞላልን፤ የተሰጠንም እንደጠየቅነው ሆነ። በዚህ ቪዛ መሳፈር እንደማንችል ለእህቴ የተነገራት ጉዞው ሊጀመር ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው፤ በዚያ ሰዓት የተሰረዘ ጉዞ ገንዘቡ አይመለስም። ለማስረዳት ስንሄድ ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል «ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» አለን። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ቤት ገብታ ለጉዞ ያዘጋጀችውን ነጠላ አጥፋ ሳጥኗ ውስጥ መለሰችና «አልተፈቀደልኝም ማለት ነው» አለች። ያን ቀን የተሰማኝን ሐዘን በጽሑፍ መግለጽ አልችልም።

በቀጣዩ ዓመት አብራኝ የምታስተምር የሥራ ባልደረባዬ ወደ ከዚራዋ ልጅ መራችኝ። ገና ከመቀመጣችን ያለችው «በቅድሚያ ፓስፖርታችሁን ልይ» ነበር። ቀኑን አየች፣ ስሙን ፊደል በፊደል በወረቀት ላይ ገለበጠች፣ በትኬቱና በመርከቡ ሰነድ ላይም ያው ስም በዚያው ፊደል እንዲጻፍ ለእህቴ መልእክት ላከች። ከዚያ መርከቡ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አስጽፋ የትኛው አገር የትኛውን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ለየች፤ የቱርክንም ለብቻው ጠይቃ አስጨረሰችልን። የቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማስገባት እንደሚቻልና እስከመጨረሻዎቹ 15 ቀናት መጠበቅ ራስን ለአደጋ ማጋለጥ መሆኑን ነገረችን። የጉዞ ኢንሹራንሱም ለቪዛው የሚጠየቀውን የ30,000 ዩሮ ዝቅተኛ ሽፋን ከማሟላት አልፎ፣ በባሕር ላይ የሚደርስ ሕመምንና በሽተኛን ከመርከብ ወደ ሆስፒታል ማጓጓዝን መጨመሩን ካላየች አልፈርምም አለች። መርከብ ላይ ሐኪም ቢኖርም ሕክምናው በክፍያ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ስለሌላው የወረቀት ሥራ ብዙ ማለት አልችልም፤ አልገባኝምም፤ እርሷ ስለገባት ግን እኔ በእርጋታ ተኛሁ።

ከሁሉ በላይ ግን በልቤ የቀረው ለእናቴ ያደረገችው ነው። እናቴ በመርከብ መስጠም ትፈራ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞዎት እማማ፣ ምንም አይሆንም» ብሎ ያልፋት ነበር። ይህች ልጅ ግን ወንበሯን አዙራ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠችና መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ተሳፋሪው ሁሉ የአደጋ ጊዜ ልምምድ እንደሚያደርግ፣ መሰብሰቢያው በካርዷ ላይ እንደሚጻፍ፣ ላይፍ ጃኬቱ እንዴት እንደሚታሰር አስረዳቻት። በመቀጠልም ምልክቱ ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ድምፅ መሆኑን ነግራት፣ በዚያች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ሌሎች ደንበኞች ቆመው እያዩ፣ በአፏ አሰማቻት። ሰባት ጊዜ አጭር፣ በመጨረሻ አንድ ረጅም። እናቴ መቁጠሪያዋን አውጥታ «እስኪ ድገሚልኝ ልጄ» አለቻት፤ ደገመችላት። ሦስት ጊዜ ደገመችላት። ፒሬየስ ላይ ያ ድምፅ በመርከቡ ሁሉ ሲያስተጋባ እኔ ደንግጬ ተነሳሁ፤ እናቴ ግን በጣቷ መቁጠሪያውን እየገፋች ቆጠረች፣ ስምንተኛው ረጅም መሆኑን ሰምታ «ልክ ነው፣ ልጅቷ እንዳለችው ነው» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መሰብሰቢያው ከእኛ ቀድማ ሄደች።

ሁለተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። በመርከብ ጉዞ ሰዓት ማለት ሁሉ ነገር ነው፤ መርከቡ ዘግይቶ የመጣን መንገደኛ አይጠብቅም፣ መሰላሉም ከመነሻው ሰዓት ቀደም ብሎ ይነሳል። የእኛና የእነርሱ አቆጣጠር ደግሞ በ6 ሰዓት ይለያያል። ለእናቴ «7 ሰዓት» ማለት ምሳ ነው፤ በመርከቡ ወረቀት ላይ ግን 7 ማለት ጎህ የቀደደበት የጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ልጅቷ ለእያንዳንዱ ወደብ አንድ አንድ ካርድ በአማርኛ በጉልህ ጻፈችላት፤ «መርከቡ ይደርሳል፣ እርስዎ ተመልሰው ይገባሉ፣ መርከቡ ይነሳል» የሚሉ ሦስት መስመሮች፣ ሁሉም በእኛ ሰዓት፤ የመግቢያው መስመር በቀይ። ግሪክ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ቱርክም ዓመቱን ሙሉ ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ስለሚቆጥሩ «ሰዓትዎን እንዳይነኩት እማማ» ብላ አስጠነቀቀቻት። ካርዶቹን በክር አስራ አንገቷ ላይ አደረገችላት። ኤፌሶን ከኩሳዳሲ ወደብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በራሳችን ታክሲ ከመሄድ ይልቅ መርከቡ ራሱ ባዘጋጀው ጉብኝት እንድንሄድ የመከረችንም እርሷ ናት፤ የራሱ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃልና። በዚያ ቀን አውቶቡሳችን በመኪና መጨናነቅ ምክንያት ዘገየ። እኛ ተረጋግተን ገባን፤ በግላቸው ወጥተው የነበሩ ባልና ሚስት ግን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በወደቡ ላይ ሲሮጡ አይቻለሁ።

ሻንጣችንን ያስተካከለችልንም እርሷ ናት። እናቴ ጀበና፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ ቂቤና ቋንጣ አዘጋጅታ ነበር። ልጅቷ አንዱንም አልናቀችም፤ አንድ በአንድ እያነሳች ምክንያቱን ነገረቻት። መርከብ ላይ ከሁሉ የሚፈራው እሳት ስለሆነ ከሰልና ዕጣን ማጨስ ቀርቶ የልብስ ካውያ እንኳ እንደማይፈቀድ፣ የሥጋና የወተት ውጤት ደግሞ ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በሻንጣ ማስገባት ክልክል መሆኑን አስረዳቻት። አንድ ጎረቤታችን እዚያ ላለ ልጁ ጫት እንድናደርስለት ለምኖን ስለነበር ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ «ጋሼ፣ አንድ እስር እንኳ እንዳይዙ፤ እዚያ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚቆጠረው» አለችኝ። የእናቴን የግፊትና የስኳር መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር፣ በእጅ ቦርሳ አስያዘችን፤ ወደቡ ላይ የሚወሰደው ሻንጣ ካቢን የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላልና። እውነትም ሻንጣችን የመጣው ከእራት በኋላ ነበር።

ልጅቷ ሙስሊም ናት፤ እናቴ ደግሞ ረቡዕንና ዓርብን የማትሽር የተዋሕዶ እናት ናት። ስለጾም እኛ ሳንጠይቃት ነው ያነሳችው። ከጉዞው ሁለት ወር አስቀድማ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት ምግብ በተጠቀሱት ቀናት እንዲዘጋጅ በጽሑፍ አስጠየቀችና መልሱን አትማ ሰጠችን። ረቡዕ ዕለት አስተናጋጁ ለእናቴ የምስርና የአታክልት ምግብ ለብቻው ይዞ ሲመጣ እናቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ስለ ካቢን፣ ስለ ስልክና ስለ እጅ መታጠብ የነገረችንንም ለሌሎች እንዲጠቅም ልጥቀስ። ባሕር የሚያጥወለውለው ሰው ከመርከቡ መካከል፣ ከታችኞቹ ወለሎች በአንዱ ላይ ካቢን ቢይዝ መናወጡ ይቀንስለታል። ስልክ መርከቡ ከወደብ ሳይወጣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ካልተደረገ ከመርከቡ የሳተላይት ኔትወርክ ጋር ተገናኝቶ ሳይታወቅ ብዙ ሊያስከፍል ይችላል። በመርከብ ላይ ቶሎ የሚዛመተውን የተቅማጥና የማስታወክ ሕመም የሚያመጣው ኖሮቫይረስ ደግሞ በአልኮል ጄል ብቻ በሚገባ ስለማይጠፋ፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት በሳሙናና በውሃ መታጠብ ያስፈልጋል። በዚህ በኩል እናቴ ለመላው ቤተሰብ አለቃ ሆነች።

በ2017 ዓ.ም. ከመስቀል በዓል በኋላ፣ መስከረም 20 ቀን ተሳፈርን። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፍጥሞ ደረስን። ራእዩ የተጻፈበት ነው ወደሚባለው ዋሻ የሚወስደው ደረጃ ቁልቁል ነው፤ ልጅቷ የእናቴን የጉልበት ሕመም ስለምታውቅ ከወደቡ እስከ በሩ በመኪና እንድንሄድ፣ ደረጃውን ደግሞ ዕረፍት እየወሰድን እንድንወርድ አስቀድማ ነግራናለች። በአንጻሩ ሳንቶሪኒ ላይ ከመርከብ ወደ የብስ የሚሻገረው በትንሽ ጀልባ ስለሆነ፣ ወደ ከተማውም በኬብል መኪና ወይም በብዙ መቶ ደረጃዎች ስለሚወጣ፣ እናቴ መርከቡ ላይ ሆና ብታይ እንደሚሻል መክራን ነበር፤ እንዲሁ አደረግን። ፍጥሞ ላይ ግን እናቴ ዋሻው ውስጥ ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች፣ አባቴን በስሙ ጠርታ ጸለየችለት፣ ከዚያም የልጅቷን ስም ጨመረች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ስለሰማሁ ነው ይህን የምመሰክረው።

በተመለስን በሦስተኛው ቀን እናቴን ይዤ ቢሮዋ ሄድኩ። ለድካሟ ከተስማማነው በላይ ልሰጣት ብሞክር እንቢ አለች፤ እናቴ ከኩሳዳሲ የገዛችላትን ሎኩም የሚባል የቱርክ ጣፋጭ ግን ተቀበለች፣ አብረውም ተላቀሱ።

ወገኖቼ፣ በመርከብ ለመሄድ የምታስቡ፣ ወይም ከውጭ ሆናችሁ እናት አባታችሁን ማሳፈር የምትፈልጉ፣ እባካችሁ ወደዚህች ልጅ ሂዱ። አደራ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሂዱ፤ ፓስፖርታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። «ችግር የለም» አትላችሁም፤ ችግር ካለ ችግሩን ነግራችሁ ከእናንተ ጋር ቁጭ ብላ ትፈታዋለች። እንደእርሷ ያለ ታማኝ ሠራተኛ እኔ በበኩሌ በዚህ ከተማ አላየሁም፤ ደግሜ እላለሁ፣ አላየሁም። ቢሮዋ በቀትር ስለሚዘጋ ሙቀቱ በረድ ካለ በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ብትሄዱ ታገኟታላችሁ። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የሰዓት ካርዶቹ እንዴት እንደተጻፉ አይቶ ለወላጆቹ ማዘጋጀት የሚፈልግ ካለም ወደ ቤታችን ይምጣ፤ እናቴ ከዳዊቷ ውስጥ አውጥታ ታሳየዋለች።