ለቆራሌው ወይስ ለጓሮ?

«ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ ጠዋት በሰፈራችን ሲያልፍ ጥግ ላይ የተጠራቀመው የሃይላንድ ጠርሙስ ትዝ ይለኛል። ልስጠው ወይስ ላስቀረው?

ለቆራሌው መስጠት ቀላል ነው። ጠርሙሱ ከቆርቆሮውና ከአሮጌው ብረት ጋር አብሮ ይሄዳል። ብረቱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃ ሆኖ ሊመለስ ይችላል፤ ፕላስቲኩም ተፈጭቶ ለፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ለእኛ የሚደርሰን ሳንቲም ትንሽ ቢሆንም፣ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ተሸክሞ ለሚዞረው ሰው ግን እንጀራው ነው።

እኔ ጓሮ ላለው ሰው ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በተለይ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር። የባለ 2 ሊትሩን ጠርሙስ ቂጥ ቁረጡና ክዳኑን በጋለ ምስማር ሁለት ቦታ ብሱት። ከዚያ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ከቲማቲሙ ወይም ከጤና አዳሙ አጠገብ እስከ ግማሹ ቅበሩት። ጎመንና ድንች ያጠባችሁበትን ውኃ ጨምሩበት። ውኃው ጠብ ጠብ እያለ በቀጥታ ሥሩን ያርሳል፤ ላይ ላዩን ፈስሶ ፀሐይ አይበላውም። በበጋ፣ ዙሪያው አፈር ሁሉ ተሰነጣጥቆ ሳለ፣ የዚያ ተክል ቅጠል ለምልሞ ሲታይ ደስ ያሰኛል!

በረኪና ወይም ፀረ ተባይ የነበረበትን ጠርሙስ ግን ለጓሮ አታስቡት። የውኃውም ቢሆን ለዘለዓለም አይቆይም። ፀሐይ አድርቆት መሰባበር ሳይጀምርና ስብርባሪው ከአፈሩ ሳይቀላቀል ንቀሉት፤ አጥባችሁ ለቆራሌው አስረክቡት።