መብራት በሚሄድበት ሱቅ ፖስትግሬስ እንዴት ሰነበተ

ኮምቦልቻ ያለ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ሽያጩን፣ ስቶኩንና ዱቤውን የሚይዝበት የዌብ ሲስተም አለው። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ደሴ ሆኜ ነው የምከታተለው። ዳታቤዙ፣ ማለትም መረጃውን የሚያስቀምጠው ሶፍትዌር፣ ፖስትግሬስ ነው። ሥራ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። «ማይኤስኪውኤል (ሌላው ታዋቂ ዳታቤዝ) እያለ ምን አስቸገረህ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፍ።

ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከሱቁ ጓዳ፣ ከቀለም ባልዲዎቹ ጎን የተቀመጠ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። መብራት ሲሄድ ለጊዜው በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ አለው፣ ባትሪው ግን ደክሟል። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሽያጭ እንዳይቆም ብለን ነው ክላውድ ላይ ያላወጣነው። ስለዚህ ዳታቤዝ ስመርጥ ከፍጥነት በፊት አንድ ነገር ነበር የሚያሳስበኝ፦ ካሸሯ «ተመዝግቧል» የሚለውን ካየች በኋላ መብራት ቢሄድ፣ ያ ሽያጭ ይገኛል ወይ?

ይገኛል። ፖስትግሬስ ለውጡን ዋናው ፋይል ላይ ከማስፈሩ በፊት ዋል የሚሉት መዝገብ ላይ ይጽፈዋል። መዝገቡ ዲስክ ላይ መድረሱን ሳያረጋግጥ «ተመዝግቧል» አይልም። መብራት ተመልሶ ማሽኑ ሲነሳ፣ ባለፈው በአግባቡ እንዳልተዘጋ ሎጉ ላይ ይናገርና ከመዝገቡ እያነበበ ራሱን ያስተካክላል። አንዴ ብረትና ሲሚንቶ ያለበት ረጅም ደረሰኝ እየገባ እያለ ሁሉም ነገር ድርግም አለ። ሲነሳ ያ ደረሰኝ ጭራሽ የለም፤ ከስቶክም አንድ ኩንታል አልተቀነሰም። ከእሱ በፊት የተሸጠው ቆርቆሮ ግን ከነሳንቲሙ ቁጭ ብሏል። ግማሽ የገባ ነገር የለም። ካሸሯ ደረሰኙን እንደገና መታችው፣ አለቀ።

ኤፍሲንክ የሚባለውን፣ የተጻፈው በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲሰፍር የሚያስገድደውን ቅንብር፣ አጥፉት፣ ይፈጥናል የሚል ምክር ካያችሁ እለፉት። ሊጠፋ የማይገባው ዳታ ላይ የሚነካ ነገር አይደለም። ርካሽ ዲስክም አንዳንዴ ሳይጽፍ «ጽፌያለሁ» ስለሚል፣ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ዲስኩና ባትሪው ላይ አውጡ።

እውነቱን ለመናገር እስከዚህ ድረስ ማይኤስኪውኤልም ኢኖዲቢ በሚባለው የማስቀመጫ ሞተሩ ያው ነው። እኔን ወደ ፖስትግሬስ የሳበኝ ግትርነቱ ነው። የማይሆን ነገር ስትሰጡት «አልቀበልም» ይላል። ለምሳሌ የዕቃ ብዛት ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ቴብሉ ላይ ቼክ አድርጌያለሁ። ሁለት ሻጮች የመጨረሻዋን የውሃ ታንከር እኩል ቢሸጧት አንደኛው ይመለሳል። ማይኤስኪውኤል እስከ 8.0.16 ድረስ ይህን ቼክ ተቀብሎ ዝም ይል ነበር፤ አሁን ያከብረዋል። ግን ከተማችን ውስጥ የድሮውን ቨርዥን እያስኬደ ያለ ስንት ሲስተም እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ።

በጣም የጠቀመኝ ቀኑ ላይ ነው። ሱቁ ለዓመታት የያዘውን የዱቤ ዝርዝር በኤክሴል ሰጡኝ። ሳስገባው አንድ መስመር ላይ ቀጥ አለ፦ ወር 2፣ ቀን 30። በፈረንጆቹ ወር 2 ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለማ! ለካ ጥቅምት 30 ነው፤ ፋይሉ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ነበር። ችግሩ ሌሎቹ መስመሮች በፈረንጆቹም ልክ ስለሚመስሉ ዝም ብለው ማለፋቸው ነው። ያ አንድ መስመር ባይቆም ኖሮ የዱቤው ቀን በሙሉ ተዛብቶ ይገባ ነበር። ጳጉሜንም እንዲሁ ነው፤ ወር 13 ስትሉት አሻፈረኝ ይላል። ስለዚህ ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጆቹ አስቀምጡ፣ ወደ እኛ አቆጣጠር መቀየሩን ለአፑ ተዉት።

ብር ላይ ፍሎት (ቁጥሩን በግምት የሚይዘውን ዓይነት) አትጠቀሙ፣ ኑመሪክ (በትክክል የሚይዘውን) አድርጉት። 15 በመቶ ቫት እየተሰላ ሳንቲም ሲያፈነግጥ ማን ይጨቃጨቃል?

የደንበኛ ስም መፈለግ ላይ የትኛውም ዳታቤዝ በራሱ አያድናችሁም። ኃይሉን አንዱ በኃ፣ አንዱ በሀ ይጽፈዋል፤ ዓለሙም በዓ እና በአ ይመጣል። ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። እዚህ ላይ ፖስትግሬስ ደስ አለኝ፦ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ፈንክሽን ጻፍኩ፣ ፍለጋ የሚያፋጥነውን ማውጫ፣ ኢንዴክሱን፣ ደግሞ ፈንክሽኑ በሚመልሰው ላይ ሠራሁት። ደረሰኙ ላይ ስሙ ሰውየው እንዳስጻፈው ይወጣል፣ ፍለጋው ግን ሁሉንም ያገኛል።

ባክአፑ ማታ ማታ ፒጂደምፕ በሚባለው የፖስትግሬስ መሣሪያ ይወጣል፤ ሰው እየሠራም ቢሆን የአንድ ቅጽበት ወጥ ምስል ነው የሚወስደው። ኔትወርክ ሲገኝ ደሴ እኔ ጋ ይመጣል። እኔም አልፎ አልፎ ላፕቶፔ ላይ መልሼ እከፍተዋለሁ፤ ያልተከፈተ ባክአፕ አያስተማምንም። ባለሱቁ ሐጂ ግን ደብተራቸውን እስካሁን አልተዉም። «አብሽር ልጄ፣ ይኼኛው መብራት አይፈልግም» ይሉኛል። ምን ይባላል?

ያልወደድኩት የለም ማለት አይደለም። አንድ ረድፍ ስትቀይሩ አሮጌውን ወዲያው አያጠፋም፤ አዲስ ቅጂ ይጽፍና አሮጌውን ኋላ ቫኪዩም የሚባለው ጠራጊ ይጠርገዋል። ብዙ ጊዜ በራሱ ይሠራል። ነገር ግን አንድ ግንኙነት ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ለውጦች) ከፍቶ ከረሳው ጠረጋው ይስተጓጎላል፣ የስቶክ ቴብሉም ያብጣል። ለሥራ ፈት ትራንዛክሽን የጊዜ ገደብ አድርጉለት። ደግሞ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ለብቻው ፕሮሰስ ይከፍታል፤ ካልቀየራችሁት የግንኙነቱ ገደብ 100 ነው። ለአንድ ሱቅ ይበቃል፣ ብዙ ሰው ለሚገባበት ሳይት ግን ጥቂት ግንኙነቶችን ለብዙ ሰው የሚያዳርስ ፒጂባውንሰር የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋችኋል።

ፖስትግሬስ ዋጋው ነፃ ነው። ባለቤት የሆነ አንድ ኩባንያም የለውም፤ በ1986 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ፕሮጀክት የመጣ ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበት ትንሽ ሱቅ ከሆነ ግን በፖስትግሬስ አትድከሙ፤ ኤስኪውላይት የሚባለው ቀላል ዳታቤዝ አንድ ፋይል ነው፣ ይበቃል። ሆስቲንጋችሁ ማይኤስኪውኤል ብቻ ከሰጣችሁም አዲሱን ቨርዥን ያዙና ሥሩ፤ ሰማይ አይደፋም።

አሁን ያለብኝ ራስ ምታት ማሻሻያው ነው። በየዓመቱ ትልቅ ቨርዥን ይወጣል፣ እያንዳንዱም 5 ዓመት ይደገፋል። ወደ አዲሱ ለመሻገር ዝም ብሎ መጫን አይበቃም፤ ዳታውን በፒጂአፕግሬድ ማሻገር ወይም አውጥቶ እንደገና ማስገባት ግድ ነው። ላፕቶፔ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ሠርቷል። ሱቁ በሚዘጋበት ቀን ወርጄ እዚያው ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጨርሰዋለሁ። አዲሱን የዩፒኤስ ባትሪ ሐጂ እስኪገዙ ነው የምጠብቀው።