«የክላፕተን ጊታር ነው» ላላችሁ ሰው ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፣ አልደብቅም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጓደኛዬ ለልጇ ኤሌክትሪክ ጊታር ልትገዛ ፈልጋ «ይሄ እንዴት ነው?» ብላ አንድ ማስታወቂያ ላከችልኝ። ፎቶውን ስከፍተው ክው አልኩ። ያው ቡናማ ሶፋ፣ ያው አበባ ያለበት ትራስ። ጊታሩ ሌላ ነው፣ ቀለሙም ሌላ ነው፣ ሻጩ ግን ያው ሰውዬ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት 1150 ዶላሬን የበላው።

ስሙን አልጽፍም። ብጽፈውም ነገ በሌላ ስም ይመጣል። የሚሸጥበትን መንገድ ካወቃችሁ ግን በማንም ስም ቢመጣ አትሸወዱም።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ ማታ ማታ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ጊታር ይጫወታል። የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን እየሰማ ያደገ ልጅ ነው። እንግሊዛዊውን ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተንን ደግሞ ከልቡ ይወዳል፣ እና ከድሮ ጀምሮ የሚመኘው አንድ ጊታር ነው፦ ፌንደር የሚባለው የጊታር ፋብሪካ በክላፕተን ስም የሚያወጣው ስትራቶካስተር። አዲሱ ያን ጊዜ ወደ 2000 ዶላር ነበር። ያን ያህል አውጥቶ መግዛት ለእሱ የማይታሰብ ነው፣ ለእኔም ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ያገለገለ ፍለጋ ጀመርኩ።

ያገኘሁት የእኛው ሰዎች ዕቃ በሚሸጡበትና በሚገዙበት ግሩፕ ላይ ነው። «የ1996 ኦርጅናል ክላፕተን፣ ጥቁር፣ 1300 ዶላር» ይላል። ዋጋው በጣም ርካሽ ቢሆን ኖሮ እጠረጥር ነበር። በጣም ርካሽ አልነበረም፣ እሱ ነው ያዘናጋኝ። ደወልኩ። «እህቴ፣ እኔ ራሴ ሙዚቀኛ ነኝ። ለወንድምሽ ከሆነማ 1150 አድርጌልሻለሁ፣ ለፈረንጅ በዚህ ዋጋ አልሰጥም ነበር» አለኝ። ልቤ ራራ። የአገር ልጅ ነው፣ ሙዚቀኛ ነው፣ ወንድሜንም አሰበልኝ ብዬ።

የተገናኘነው አንድ ካፌ ጀርባ ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ነው፣ ሊመሽ ሲል። አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) አልያዘም። «ሸጥኩት፣ ግን ክሩን ስሚው» ብሎ በእጁ መታ መታ አደረገው። ደስ የሚል ድምፅ አለው። ኤሌክትሪክ ጊታር ሳይሰካ የሚያሰማው ድምፅ ስለ ውስጡ ምንም እንደማይናገር አላውቅም ነበር። የክላፕተንን ፊርማ ጭንቅላቱ ላይ አየሁት፣ መለያ ቁጥሩንም አየሁ፣ ገንዘቡን በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ በሚላክበት መንገድ) ላኩለት፣ ተጨባብጠን ተለያየን። ጠቅላላው አስራ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ለፋሲካ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ለምኜ ላኩት። ወንድሜ የተቀበለ ቀን በደስታ ማውራት አቅቶት ነበር። በነጋታው ደወለ።

«እትዬ፣ ሶስተኛው ማዞሪያ ምንም አይሰራም።»

«ባትሪው አልቆ ይሆናል፣ ቀይረው» አልኩት፣ ይሄ ሞዴል ባትሪ እንዳለው አንብቤ ስለነበር።

«እኔም ባትሪውን ነው እየፈለግኩ ያለሁት» አለኝ።

በቪዲዮ እያየሁት ክሮቹን አላልቶ ፒክጋርዱን፣ ፊት ለፊት ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን፣ ፈታው። አስራ አንድ ብሎን ነው፣ አንድ በአንድ እየፈታ ሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ ደረደራቸው። ገልብጦ ለካሜራው አሳየኝ። ሶስት ተራ ማዞሪያዎችና ትንሽ ሽቦ። ባትሪ የለም፣ ባትሪ የሚቀመጥበት ቦታም የለም፣ ሰርኪት ቦርድ (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ጭንቅላቱን ወደ መብራት አዙሮ ፊርማው ጠርዝ ላይ ጥፍሩን አሳለፈ። ጥፍሩ ያዘ። ፊርማው በቫርኒሹ ላይ የተለጠፈ ስቲከር ነው፣ ጫፉ ብድግ አለ። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ አልተናገርንም። «ምንም አይደል እትዬ፣ ለልምምድ ይሆናል» አለኝ፣ እኔን እንዳይከፋኝ ብሎ። እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፣ እሱ እኔን ማጽናናቱ።

በኋላ ጊታር የሚጠግን ሰው በፎቶ ሲያየው አካሉ ከአንድ ርካሽ ጊታር፣ አንገቱ ከሌላ የመጣ ነው አለ። ቢሸጥ ከ300 ዶላር ብዙም አያልፍም።

ከዚያ በኋላ ተቀምጬ ተማርኩ። አብዛኛው ሰው የማያውቀውን ላስረዳችሁ።

«ሲግኔቸር» ማለት ሙዚቀኛው በእጁ የፈረመበት ማለት አይደለም። ፋብሪካው ከሙዚቀኛው ጋር ተስማምቶ፣ ለእሱ አጨዋወት በሚስማማ አሠራር የሚያወጣው ሞዴል ማለት ነው። ሌላው ጊታር ሠሪ ጊብሰን በ1952 የጊታሪስቱን የሌስ ፖልን ስም ይዞ ያወጣው ጊታር እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይሸጣል። ፌንደር ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሲግኔቸር ስትራቶካስተሮች ያወጣው በ1988 ነው፣ የክላፕተንና የሌላው ጊታሪስት የኢንግቬይ ማልምስቲን። የማልምስቲን የጣት ሰሌዳው በፍሬቶቹ (ሰሌዳውን በሚያቋርጡት ቀጫጭን ብረቶች) መካከል እንደ ማንኪያ የተቦረቦረ ነው። የክላፕተን ልዩነት ደግሞ ያለው ውስጡ ነው። መካከለኛውን ድምፅ እስከ 25 ዴሲቤል ከፍ የሚያደርግ ሰርኪት አለው፣ የሚሠራውም በባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው። ሰው ያንን ሁሉ ዶላር የሚከፍለው ለዚህ ነው። ስሙ ብቻውንማ በጥቂት ዶላር ኢንተርኔት ላይ የሚገዛ ስቲከር ነው።

ስለዚህ ክላፕተን ነው የተባለ ጊታር ስታዩ ፊርማውን ትታችሁ አሠራሩን እዩ። አምፕ ላይ ሰኩትና ሶስተኛውን ማዞሪያ ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። ድምፁ መወፈርና መጮህ አለበት፣ ልዩነቱን ሙዚቃ የማያውቅ ሰው እንኳን ይሰማዋል። ምንም ካልተለወጠ ሻጩ «ባትሪው ሞቶ ነው» ይላችኋል፣ እሺ፣ ባትሪውን አሳየኝ በሉት። ቀጥሎ የጀርባውን ክዳን አስከፍቱ። ክላፕተን የትሬሞሎ ዘንግ (ድምፁን ለማወዛወዝ የሚነቀነቀውን ብረት) ስለማይጠቀም ፋብሪካው ብሪጁ፣ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት፣ እንዳይነቃነቅ በእንጨት ቁራጭ ወትፎ ነው የሚያወጣው። የወንድሜ ላይ ስፕሪንጎቹ ብቻ ነበሩ፣ እንጨት የለም። አንገቱንም በመዳፋችሁ ያዙት፣ ጀርባው ሙሉ ክብ አይደለም፣ ለስለስ ያለ የቪ ቅርጽ አለው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እኔን ቀድሞ ሊያድነኝ የሚችል። እስከ 2001 ድረስ የወጡት ክላፕተኖች ሌስ ሴንሰር የሚባል ፒክአፕ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፃቸውን የሚቀበል ማግኔት ያለው ክፍል) ነበራቸው። ይሄ ፒክአፕ ከላይ ድፍን ነው፣ ስድስቱ የማግኔት ነጥቦች አይታዩም። ነጥቦቹ የሚታዩት ከዚያ ወዲህ በመጣው ፒክአፕ ላይ ነው። ሰውዬው የ1996 ነው ብሎ የሸጠልኝ ጊታር ላይ ስድስት ስድስት ነጥብ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ማስታወቂያው ፎቶ ላይም ይታይ ነበር! ስልኬ ውስጥ ነበር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ላጣራው እችል ነበር።

ስለ መለያ ቁጥሩም ልበል፣ ብዙ ሰው እሱን ሲያይ ነው ልቡ የሚረጋው። የፌንደር ሲግኔቸር ጊታሮች ቁጥር በ80ዎቹ በ«ኤስ ኢ»፣ በ90ዎቹ በ«ኤስ ኤን» ይጀምራል። የኔ ጊታር ቁጥርም በትክክል በ«ኤስ ኤን 6» ይጀምር ነበር። ስቲከር የሚያትም ሰው ቁጥርም ማተም አያቅተውም። ቁጥሩ የተሳሳተ ከሆነ ጊታሩ ችግር እንዳለበት ይነግራችኋል፣ ትክክል መሆኑ ግን ምንም አያረጋግጥም።

ጊብሰን ሌስ ፖል የምትፈልጉ፣ በተለይ የጊታሪስቱን የስላሽን ሞዴል፣ እናንተ ደግሞ ይብሳችኋል። እዚያ ላይ ከሥሩ ፎርጅድ ተደርጎ የሚሠራ በጣም ብዙ ነው። ቶሎ የሚያዝበት ቦታ ጭንቅላቱ ላይ ያለችው ደወል የምትመስል ትንሽ ክዳን ናት። የጊብሰን በሁለት ብሎን ነው የምትታሰረው፣ ሶስት ካያችሁ ቆም በሉ። ስትከፍቷት ደግሞ የአንገቱን ብረት የሚያጠብቅ የናስ ዳዶ ከውጭ በቁልፍ የሚያዝ ሆኖ መታየት አለበት። በምትኩ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ («አለን ኪ») የሚገባበት ቀዳዳ ካለ ጊታሩን መልሱና ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ፎርጅድ ሳይሆንም የሚሸወድ ሰው አለ። አንድ የሙዚቀኛ ስም በሁለት ዋጋ ይሸጣል። ፒ አር ኤስ የሚባለው ጊታር ሠሪ በሙዚቀኛው ጆን ሜየር ስም የሚያወጣው ሲልቨር ስካይ በ2018 ሲወጣ 2299 ዶላር ነበር፣ አሜሪካ የሚሠራው። በ2022 ደግሞ ኢንዶኔዥያ የሚሠራ «ኤስ ኢ» የሚል አይነት በ849 ዶላር መጣ። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው፣ ርካሹም ጥሩ ጊታር ነው። ችግሩ ያገለገለውን ርካሹን «ሲልቨር ስካይ» ብቻ ብሎ በውዱ ዋጋ የሚለጥፍ ሻጭ መኖሩ ነው። ኤፒፎን የጊብሰን፣ ስኳየር የፌንደር ርካሽ ጊታሮች የሚወጡባቸው እህት ስሞች ናቸው፣ እነሱም የሙዚቀኛ ስም ያለባቸው ሞዴሎች አሏቸው። ሙሉ የሞዴሉን ስምና የተሠራበትን አገር በጽሁፍ ይላክላችሁ። የሚያንገራግር ከሆነ መልሱን አገኛችሁ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ እባካችሁ፣ ለማታውቁት ሰው በዜል አትላኩ። ገንዘቡ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሰዋል፣ ከደረሰው በኋላ መሰረዝ አይቻልም። ባንኬ ጋ ደውዬ ነበር፣ «ራስዎ ነዎት የላኩት» ነው ያሉኝ። ፔይፓል ላይም «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው ላክልኝ ካላችሁ እምቢ በሉ፣ በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ የገዢ መከላከያ የለውም። በዕቃ ግዢ መንገድ ክፈሉ፣ ትንሽ ኮሚሽን ቢቆርጥም ይቁረጥ። ለሰውዬው ስጽፍለት መጀመሪያ «እኔም እንደገዛሁት ነው የሸጥኩልሽ» አለ። ቀጥሎ ምን ብሎ እንደመለሰልኝ ታውቃላችሁ? «ክላፕተን ራሱ እኮ ጊታሩን ከተለያየ ዕቃ ነው የገጣጠመው።» ከዚያ ብሎክ አደረገኝ።

ያለው ነገር እውነት ነው፣ እሱ ነው የሚያናድደው። ክላፕተን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ናሽቪል ውስጥ ብዙ አሮጌ ስትራቶካስተሮች ገዝቶ፣ የተወሰኑትን ለጓደኞቹ ሰጥቶ፣ ከቀሩት ምርጥ ምርጡን አውጥቶ «ብላኪ» የሚባለውን ጊታሩን ገጣጥሟል። በ2004 ክሪስቲስ ጨረታ ላይ በ959,500 ዶላር ተሸጧል፣ ገንዘቡም እሱ አንቲጓ ለከፈተው የሱስ ማገገሚያ ነው የሄደው። ግን ያ ጊታር ሲሸጥ የተገጣጠመ መሆኑ በግልጽ ተነግሮ ነው። ገጣጥሞ መሸጥ ነውር የለውም። ይሄ የተገጣጠመ ነው፣ 300 ዶላር ነው ቢለኝ ኖሮ ምናልባት እገዛው ነበር።

ለአገር ቤት የምትገዙ ሰዎች ደግሞ አደራ። እዚህ ያለ ዕቃ ሁለት ቀን ሳይሞላ ታይቶ ሊመለስ ይችላል። አንዴ አውሮፕላን ከተሳፈረ ማን ይመልሰዋል? ከመላካችሁ በፊት ጊታር የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰዱት፣ የሚጠይቃችሁ ክፍያ ከምታጡት አንጻር ምንም አይደለም። ወይም ያገለገለ ዕቃ የሚቀበልና የመመለሻ ቀን የሚሰጥ ሱቅ ግዙ። መቶ ዶላር ቢጨምርም ደረሰኝ ትይዛላችሁ። እኔ «የእኛ ሰው ነው» የሚለውን እንደ ደረሰኝ ቆጠርኩት።

ወንድሜ ጊታሩን አሁንም ይጫወትበታል። ስቲከሩን ልጦ ጥሎታል፣ ጭንቅላቱ ባዶ ነው።

ጓደኛዬ የላከችልኝ ማስታወቂያ እስከ ትናንት ድረስ አልተነሳም፣ 1250 ዶላር ይላል። እዚሁ ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ አካባቢ ሆናችሁ እንዲህ አይነት ጊታር ለማየት የቀጠራችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ትንሿን አምፕና አዲስ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይዤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።