የሰርግ ካሴት ወደ ዲስክ ለማዛወር የቱን ስታቢላይዘር እንግዛ?

ደሴ ፒያሳ ወርዳችሁ «ቪዲዮ ስታቢላይዘር አለ?» ብትሉ የሚወጣላችሁ የፍሪጅ ነው። እኔ ደርሶብኛል። ሻጩ ከባዱን ሣጥን ባንኮኒው ላይ ዘጭ አድርጎ «ይሄ ቴሌቪዥንም ዴክም ይችላል» አለኝ። አልዋሸም፤ ግን እኔ የፈለግኩት መብራቱን ሳይሆን ምስሉን የሚያረጋጋ ነበር። ጎረቤቱ ደግሞ ስልክ ተይዞ ሲቀረጽ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገውን መያዣ አሳየኝ፤ እሱም ስታቢላይዘር ነው የሚባለው። ስለዚህ መጀመሪያ እንግባባ፦ እዚህ የማወራው በዴኩና በዲቪዲ መቅረጫው መሃል ስለሚገባው ዕቃ ነው።

ነገሩ የመጣው በአክስቴ ካሴቶች ነው። ሦስት የቪኤችኤስ ካሴት አላት፤ ሰርጉ፣ መልሱ፣ እና አንድ ሐይቅ ዳር የተቀረጸ የቤተሰብ ሽርሽር። በ2014ቱ ጦርነት ቤቷ ሲዘረፍ ዴኩ ሄደ፤ ካሴቶቹን ግን ማን ይፈልጋቸዋል፣ ወለሉ ላይ ተበትነው ቀሩ። እኔም ዴክ ተውሼ ከዲቪዲ መቅረጫ ጋር አገናኘሁት። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ አናቷ ወደ ቀኝ ይጎተታል፣ ከኋላዋ ያለው አጥር እንደ እባብ ይተጣጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መቅረጫው «ይህ እንዳይቀዳ የተከለከለ ነው» ብሎ ቆመ። የአክስቴን ሰርግ ማን ከለከለው?

የሚሆነው ነገር ካልገባችሁ የማይሆን ሣጥን ትገዛላችሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ። በእኛ አገር በሚሠራው በፓል ሥርዓት አንድ ምስል 625 መስመር አለው፤ በሰከንድ 25 ምስል ያልፋል። ሲባዛ በሰከንድ 15,625 መስመር ነው። በየመስመሩ መነሻ ላይ አንዲት ምት አለች፤ ምቷ በሰዓቷ ከመጣች መስመሩ ቦታውን ይይዛል። ካሴቱ ሲለጠጥ ወይም ዴኩ ሲያረጅ ግን አንዴ ትቀድማለች፣ አንዴ ትዘገያለች። መንዙማ ላይ ድቤ መቺው ምቱን ሲያዛባ አስቡት። አሮጌው ወፍራም ቴሌቪዥን እንደለመደ ጀማ ነው፤ ድቤው ወደሄደበት ሄዶ ያጨበጭባል፣ ስህተቱም ብዙ አይታወቅም። ዲቪዲ መቅረጫ ግን ግትር ነው። ምቷን ሲያጣ ወይ ምስል ይዘላል፣ ወይ ድምፁ ከከንፈሩ ይለያል፣ ወይ ደግሞ የተዛባውን ምት የቅጂ መከላከያ ይመስለውና ይቆማል።

መከላከያው ማክሮቪዥን ይባላል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለሽያጭ በሚታተሙ የፊልም ካሴቶች ላይ መግባት የጀመረ ነው፤ ዓይን በማያየው የምስሉ ክፍል ላይ የሐሰት ምቶች ያስገባና የመቅረጫውን የብርሃን መቆጣጠሪያ ያሳስተዋል፣ ቅጂውም ይደምቃል፣ ይጨልማል፣ መልሶ ይደምቃል።

«ቪዲዮ ስታቢላይዘር» ተብላ የምትሸጠው ትንሿ ሣጥን የተሠራችው እነዚያን የሐሰት ምቶች ለማውጣት ነው። በቃ። ቢጫው ገመድ ይገባል፣ ቢጫው ገመድ ይወጣል፣ አንዳንዷ የብርሃንና የቀለም ማስተካከያ ጨምራለች። ከሁሉም ርካሿ እሷ ናት፣ ስሟም ከሁሉ ያማረ ነው፣ ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው። የሰርግ ካሴት ላይ ማክሮቪዥን የለም፤ ካሜራማኑ ከየት አምጥቶ ያስገባዋል? ስለዚህ የተጣመመውን አናትም ሆነ የሚተጣጠፈውን አጥር አታቀናም። መቅረጫው በስህተት «የተከለከለ ነው» ሲል አልፎ አልፎ ልታልፈው ትችላለች፣ እሱም እንደ ካሴቱ ነው። ችግራችሁ ይቺ ብቻ ከሆነች ግዟት። ካልሆነ ገንዘቡን ያዙት።

ቀጥሎ ያለው ታይም ቤዝ ኮሬክተር ነው፣ ባጭሩ ቲቢሲ። እውነተኛው ማረጋጊያ እሱ ነው፣ ግን ሁለት ዓይነት ስለሆነ ሻጩ «ቲቢሲ አለው» ሲላችሁ የቱ እንደሆነ ጠይቁ።

አንደኛው ዴኩ ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣው ነው። ጄቪሲና ፓናሶኒክ በሠሯቸው ውድ የኤስ-ቪኤችኤስ (የተሻለ ጥራት ያለው ቪኤችኤስ) ዴኮች ላይ ይገኛል፤ ለምሳሌ የፓናሶኒኩ ኤንቪ-ኤፍኤስ200 አለው። መስመሮቹን አንድ በአንድ እያቆየ በሰዓታቸው ይለቃል። የሚተጣጠፈው አጥር ቀጥ የሚለው በዚህ ነው፤ ቀጥ ያለ ነገር ሁሉ፣ የበር መቃን፣ የድንኳን ምሰሶ፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚያ ላይ የኤስ-ቪዲዮ መውጫ ስላለው ቀለሙና ብርሃኑ ተለያይተው ይሄዳሉ፣ ምስሉም ይጠራል። ግን በጣም የደከመ ካሴት ላይ ራሱ ቲቢሲው ግራ ይጋባና ምስሉን ያዘልለዋል፤ ያኔ ማጥፊያው አለ፣ አጥፉትና ሞክሩ። ሌላው ጣጣ ዕድሜው ነው። ያገለገለ ዴክ ነው የምትገዙት፣ ካሴታችሁን ሳታጫውቱበት ገንዘብ አትቁጠሩ።

ሁለተኛው ራሱን የቻለ ሣጥን ነው፣ እንደ ዳታቪዲዮ ቲቢሲ-1000 ያለው። ይሄ ሙሉውን ምስል ማስታወሻው ውስጥ ያስገባና አዲስ፣ ንጹሕ ምት ገጥሞ ያወጣዋል። መቅረጫው አይቆምም፣ ድምፅና ምስል አይለያዩም። የአጥሩን መተጣጠፍ ግን ዴኩ ውስጥ እንዳለው ቲቢሲ አያቀናም፤ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ገዝቶ ይበሳጫል። ባለሙያዎቹ ሁለቱንም አከታትለው የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። አሁን አይመረትም፣ ያገለገለውም ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ኮምቦልቻ ወይ ወልዲያ ሱቅ ከፍታችሁ የሰው ካሴት እያስከፈላችሁ የምታዛውሩ ከሆነ ያዋጣል። ለሦስት ካሴት? ኧረ ተዉት።

እኔ የመረጥኩት በሁለቱ መሃል ያለውን ነው፣ እሱም ስታቢላይዘር ተብሎ አይሸጥም። ፓናሶኒክ ዲኤምአር-ኢኤስ10 እና ኢኤስ15 የሚባሉ አሮጌ የዲቪዲ መቅረጫዎች አሉ። ዲስክ ማንበቢያው የሞተ ቢሆን እንኳ ግድ የለም፤ ከዴኩ የወጣውን ገመድ ከኋላ አስገብታችሁ በመውጫው በኩል ወደ ሌላ መቅረጫ ወይም ኮምፒውተር ትመሩታላችሁ፣ ሲያልፍ ያቃናዋል። ላይኛው የምስል ጫፍ ሲጎተት፣ ማለትም የአክስቴ አናት ነገር፣ በጣም የሚሠራው እሱ ነው። እንከን አለው፤ ምስል የማጽዳት ሥራው ፊት ላይ ትንሽ ሰም የተቀባ ያስመስላል፣ ስለዚህ ከምርጫዎቹ ውስጥ ገብታችሁ የግቤት ማጽጃውን ዝጉት። እውነተኛ ማክሮቪዥን ያለበትን ካሴት ደግሞ አያሳልፍም። ለቤት ካሴት ይሄ ምናችሁም አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ዴካችሁን እዩ። ታችኛው የምስል ክፍል ላይ ነጭ ጭረት ካለ፣ በረዶ የሚዘንብ ከመሰለ፣ የየትኛውም ሣጥን ሥራ አይደለም። ዴኩ ላይ ያለውን የትራኪንግ ማስተካከያ አዟዙሩ፤ ካልሆነ «ሄድ» የሚባለው፣ ካሴቱን የሚያነበው የዴኩ ክፍል፣ ቆሽሿል፣ የሚያውቅ ሰው በንጹሕ አልኮል ይጥረግላችሁ። በጆሮ ጥጥ እንዳትነኩት፣ ክሩ ይይዝና ሄዱን ይሰብረዋል። የደሴ ጭጋግ የገባበት ካሴት ደግሞ ሻጋታ ይይዛል፤ በመስኮቷ በኩል ጥቅልሉ ላይ ነጭ አቧራ ከታያችሁ ዴክ ውስጥ አትክተቱት፣ ሻጋታው ወደ ሌሎቹም ይዛመታል። ካሜራማኑ እጁ ተንቀጥቅጦ የቀረጸውንም ቲቢሲ አያስቆመውም፤ እሱ በኋላ ኮምፒውተር ላይ በኤዲቲንግ የሚሞከር ነው።

አሜሪካ ካሉ ዘመዶች የመጣ ካሴት ካላችሁ ተጠንቀቁ። እዚያ ያለው ኤንቲኤስሲ ነው፣ 525 መስመር። የእኛ ዴክ አንዳንዱ ያጫውተዋል፣ ቴሌቪዥን ላይም ያምራል፣ ግን የሚያወጣው ግማሽ ፓል ግማሽ ኤንቲኤስሲ የሆነ ድብልቅ ስለሆነ ብዙ መቅረጫ አይቀበለውም። ሁለቱንም በትክክል የሚያወጣ ዴክ ያስፈልጋል። ዕቃውን ራሱን ከዚያ ካስመጣችሁ ደግሞ 120 ቮልት መሆኑን አትርሱ፤ እኛ ጋ 220 ነው፣ በቀጥታ ከሰካችሁት ይነዳል።

የፒያሳው ሻጭ መብራቱን ማሰቡ ለካስ ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም፤ ሣጥኑ ግን የሄደ መብራት አይተካም። መብራት በመሃል ሄዶ አንድ ዲስክ ተበላሽቶብኛል፤ ዲቪዲ-አር ቀረጻው በወጉ ሳይዘጋ (ፋይናላይዝ ሳይደረግ) ከተቋረጠ ብዙ ጊዜ ሌላ ማጫወቻ ላይ አይነበብም። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የምቀዳው ተደምስሶ በሚጻፈው በዲቪዲ-አርደብሊው ነው። ባለ 4.7 ጊጋው ዲስክ በመደበኛው ጥራት 2 ሰዓት ይይዛል፤ ኢ-180 ካሴት 3 ሰዓት ስለሆነ ለሁለት ክፈሉት እንጂ ጥራቱን ቀንሳችሁ አንዱ ላይ አትጠቅጥቁት።

ያለቁትን ዲስኮች ለአክስቴ ወሰድኩላት። ከፍተን አሳየኋት፣ አናቷ ቦታው ላይ ነው፣ አጥሩም ቀጥ ብሏል። እያገላበጠች አየቻቸውና «አንተ ልጅ፣ የልጆቹ ቴሌቪዥን እኮ ዲስክ አይወስድም፣ ፍላሽ ላይ አልጫንከውም እንዴ?» አለችኝ። ቡናው እስኪፈላ ፋይሎቹን በላፕቶፕ ገልብጬ ሰጠኋት።